«ዝም አለች» ያልኩ ቀን

እኔ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ጥቅል ጨርቅ ላይ የሚለጠፍ የሜትር ቁጥር ብቻ ነው። የምነግራችሁንም ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። በአፌ እንዳልናገረው ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኛል። መቅለሉም ያሳፍረኛል።

ዘይነባ እባላለሁ። የቢስቲማ ገበሬ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ወንድሟ፣ አጎቴ ሙሄ፣ ደሴ አምጥቶ ሆጤ ባለው ቤቱ አሳደገኝ። ሰኞ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከልጁ ከሰዓዳ ጋር አንድ አልጋ ተኝተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን አደግን። እሷ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ነርስነት ለመማር ተመዝግባ ነበር፤ እስኪጠሯት ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች። እኔ ቤት እጠርጋለሁ፣ ምሳ አመላልሳለሁ። አጎቴ አድልቶብኝ አያውቅም፤ ትምህርቱ አልገፋ ያለኝ ራሴን ነው። ያም ሆኖ ምሳውን አድርሼ ስመለስ፣ ሰዓዳ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ ስትዘረጋ ዞር እያልኩ አያት ነበር።

ሰዓዳን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ከኮምቦልቻ መጣ። ሽማግሌ የላከው ሰውዬ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ በጣም ይበልጣታል። አጎቴ «ልጄ ካለች እሺ፤ ካላለች ግን በአፍታ እመልሳቸዋለሁ» አለኝ። ለኔ ነው ያለኝ፣ ለሷ አይደለም፤ እኔም አልነገርኳትም። በኛ ቤት ሴት ልጅ ከአባቷ ጋር ስለ ባል አታወራም፤ አባትም ፊት ለፊት አይጠይቃትም። እሷ አባቷ ቃሉን የሰጠ መስሏት፣ እሱ እሷ የወደደች መስሎት፣ የኒካሁ ቀን ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞልቷል። ሼሁ ኒካሁን ከማሰራቸው በፊት «ልጅቱ ትጠየቅ» አሉ። «አፍራ ዝም ካለች ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። መጠየቁ ግን ሐቋ፣ መብቷ ነው።» አጎቴ ወደኔ ዞረና «ዘይኔ፣ አንቺ ግቢ። ላንቺ አታፍርም» አለኝ።

ጓዳ ገባሁ። ሴቶቹ ሁሉ ደጅ ድስት ላይ ነበሩና ሰዓዳ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጥያቄውን ሳልጨርስ እጄን ያዘችኝ። «አልፈልግም በይልኝ። እኔ አባቴ ፊት ቆሜ እንዴት ልበለው? በጆሮው ንገሪው፣ ዘይኔ። በአላህ ይሁንብሽ።» እሺ አልኳት። እሺ ስላት ከልቤ ነበር።

ወጣሁ። ከጓዳው በር እስከ አጎቴ ስድስት እርምጃ አይሞላም። ሁሉም አዩኝ። አጎቴ አጠገብ ደርሼ ቆምኩ። «ምነው፣ ምላሷን ጓዳ ረስታው መጣች እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ተዋት፣ እሷንም ጨምረን እንዳንድራት ፈርታ ነው!» አሉ ሌላው፤ ቤቱ ሳቀ። ሼሁ ብቻ አልሳቁም። «ልጄ፣ ምን አለች?» አሉኝ።

«ዝም አለች» አልኩ።

አጎቴ ወደኔ ጎንበስ አለ። «እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ ልጅ?» ጆሮው ከአፌ ስንዝር አይርቅም ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ማንም ሳይሰማ።

«ዝም አለች» አልኩ፣ ደግሜ።

ኒካሁ ታሰረ። ሰዓዳ ወደ መኪናው ሲወስዷት አጠገቤ ስትደርስ በሹክሹክታ «ነገርሽው?» አለችኝ። «ነገርኩት» አልኳት። ይህንንም እኔ ነኝ ያልኩት።

ለምን? ዓይናፋር ስለሆንኩ? ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህን ነው። ታዲያ ማፈሬ ከሆነ ለምን ሁለት ጊዜ አልኩት? ያፈረ ሰው ቃል ያጣል፤ እኔ ቃል አላጣሁም። በሁለተኛው ጊዜ ያሰብኩትን አውቀዋለሁ። ሰዓዳ ከሄደች ሱቁ ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነው? ያን ነው ያሰብኩት። በሳምንቱ ባንኮኒው ኋላ ተቀመጥኩ።

እዚያ ደግሞ ሐቀኛ ሆንኩላችሁ። ሴቶች «ቀለሙ ይለቃል?» ሲሉኝ «ይለቃል፣ ለብቻው እጠቢው» እላለሁ። ሲታጠብ የሚሰበሰበውን ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። የጎረቤት ሱቅ ልጆች «አንቺ ነጋዴ ነሽ ወይስ ምስክር?» እያሉ ይስቁብኛል። አጎቴ በኔ እየኮራ ለደንበኛ ሁሉ «ይቺ ልጅ ውሸት አታውቅም» ይል ነበር። በአንድ ሜትር ጨርቅ የማልዋሽ ሰው፣ በእህቴ ዕድሜ ዋሸሁ። ምናልባት እኮ በጨርቁ እውነት የምናገረው እውነት ስለማይከብድበት ነው።

ባሏ ነርስነቱን ከለከላት። እሷ ግን የተቀየመችው ባሏን አይደለም፣ አባቷን ነው። «አልፈልግም» ማለቷን ሰምቶ የዳራት መሰላታ። አጎቴ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ኮምቦልቻ ይሄድ ነበር፤ ለልጆቿ ልብስ፣ ለሷ ማር ይዞ። ምግብ ታቀርብለትና ሌላ ክፍል ትገባለች። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ይቀመጥና «ዘይኔ፣ ምን አስቀየምኳት? አንቺ ታውቂያታለሽ» ይለኛል። አውቅ ነበር። «እኔ እንጃ፣ አጎቴ» እለዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩትም።

አምና ሞተ። ጀናዛው ከቤት ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ «የበደላችሁ ካለ አውፍ በሉት» አሉ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል» አለ። ሰዓዳ አጠገቤ ቆማለች፤ ከንፈሯ አልተላቀቀም። ልጁ ይቅር ሳትለው ወጣ። ይቅር የሚባል ነገር እንኳ አልነበረበትም። እኔስ ያኔ መጮህ አልነበረብኝም? አፌን በሻሽ ይዤ አለቀስኩ፤ ሰዎች ለአሳዳጊዋ አለቀሰች ብለው አጽናኑኝ።

ከወር በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩና ነገርኳት። ስነግራት ባቄላ ትለቅም ነበር። እስክጨርስ መልቀሟን አልተወችም።

«ሁለት ጊዜ ጠየቀሽ?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ካላለች እመልሳቸዋለሁ ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ያኔ ብቻ ነው ያለቀሰችው፤ ለራሷ እንዳልሆነ ገባኝ። አውፍ በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት፤ ምን ይዤ ልበላት? የሰው ሐቅ ነው፤ አላህ እንኳ ባለሐቁ ካልማረ አይምርም ይላሉ። ሳልለምናት ተነሳሁ። እናንተንም አልለምናችሁም። ልጅ ነበርኩ፣ አፍሬ ነው፣ ስቀውብኝ ነው አልልም። እኔ ነኝ ያልኩት።

በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ። ዞርኩ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

«ልጆቹ ከመድረሳ ሊመጡ ነው» አለችኝ። «ሂጂልኝ፣ ፊቴን ልታጠብ።»