የዘይነባ ቶሪየምና የእኔ የጭድ አመድ

እኔ የቆቦ ሰው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ ነገር ግን ከቆቦ እስከ ዋጃ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሸክላ በመሥራት የሚስተካከለኝ የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ ሰባብሬ ነው ያወቅሁት። ይህን የማነሣው ባለፈው ዓመት የደረሰብኝ ነገር እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው።

የእህቴ ልጅ ዘይነባ ሕንድ አገር ለዶክትሬት ትማር ነበር። ጥናቷ ቶሪየም ከሚባል ማዕድን ጠንካራ ሴራሚክ መሥራት ነው። አንድ ቀን ደውላ አለቀሰች። የምትተኩሳቸው ክብ ሴራሚኮች ሁሉ ይሰነጠቃሉ፤ የተሰጣት ጊዜ ሊያልቅ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ቀርቶታል።

"ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አልኋት።

ነገረችኝ። በአሲድ የሟሟው ቶሪየም ላይ ኦክዛሊክ አሲድ ስትጨምር ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። እሱን አጥልላ፣ አጥባ፣ አድርቃ ትፈጨዋለች። ከዚያ ታቃጥለውና የቀረውን ዱቄት በማሽን ተጭና ክብ አድርጋ ወደ ምድጃ ታስገባዋለች።

"ካቃጠልሽው በኋላስ አትፈጪውም?"

"ሲቃጠል እኮ ራሱ ይደቃል። ወላሂ አያ፣ ይሄ የምድጃ ሸክላ አይደለም!" ብላ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

ተናደድሁ። በጉብዝናዬ ጊዜ የጤፍ ጭድ አመድ ሳላደቅ ከጭቃ ጋር እየቀላቀልሁ ስንት ሸክላ አበላሽቻለሁ! ጭድ ተቃጥሎም ቅርጹን አይለቅም፤ ሸክላው የሚሰነጠቀው በዚያው በኩል ነው። ያንቺም ዱቄት እንደዚያው ነው፣ ካቃጠልሽው በኋላ ፍጪው ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኋት። ሦስት ጊዜ "እሺ አያ" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

በዓይኗ ትይ ብዬ በቪዲዮ ደወልሁ። ጭዱን ስለኩስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ፍለጋ በባጃጅ ሮቢት ከተማ ድረስ ሄድሁ። መንገድ ዳር ጭድ ሳቀጣጥል አንድ ሾፌር "አባባ፣ በሬዎ የበሰለ ነው እንዴ የሚበላው?" ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እኔ ግን እንደገና በቪዲዮ ደወልሁ። አመዱን ለዘይነባ አሳየኋት፤ ጭድ እንደመሰለ ቁጭ ብሏል። በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ።

"አያ፣ መልሼ ልደውል" አለችና ሁለት ሳምንት ጠፋች። ሁለቱን ሳምንት ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥሁ ከረምሁ።

በመጨረሻ ፎቶ ላከች። ካቃጠለች በኋላ ፈጭታው፣ ሴራሚኩ ምንም ሳይሰነጠቅ ወጥቷል። አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜዋ ተመረቀች።

የጥናት መጽሐፏን ስትልክልኝ እንግሊዝኛ በሚያውቅ ሰው ምስጋናውን አስነበብሁ። አስተማሪዋ አለ፤ የላብራቶሪው ዘበኛ ሳይቀር አለ። እኔን "ቤተሰቦቼ" ውስጥ ጠቅልላኛለች። ስጠይቃት "አያ፣ ጭድ ብዬ እንዴት ልጻፍ?" አለችኝ።

አሁንም ይቆጨኛል። እሷ ካልጻፈችው እኔው ልጻፈው፦ በሽታውን በስልክ ብቻ አወቅሁ። ሰው ሲስቅብኝ አልተውሁም። ከዶክተሮቹ ቀደምሁ። የእህቴን ልጅ ባዶ እጇን ከመመለስ አዳንሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ቶሪየም የሚባለውን ነገር አንድም ቀን በዓይኔ ሳላየው ነው።