ነጠላው ዲስክ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ቀጥ» ይለዋል። የሞተር ሳይክል ፍሬን ይጠግናል፤ እሱ የነካው ሞተር ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ክፉ ልማድ አለው። ሥራውን ሲጨርስ ከጋራዡ ፊት በጠመኔ መስመር ያሰምርና ከመስመሩ ጀርባ ራሱ ይቆማል፤ ባለሞተሩ ወደ እሱ እየነዳ መጥቶ ፍሬን ይይዛል። «እኔ ያላመንኩትን ሌላ ሰው ምን በወጣው ይመነው?» ይላል። ስንቴ ነፍሴን እንዳስጨነቃት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ልጃችን ሙያውን ከእጁ ወረሰች፤ ምላሷም የአባቷ ነው። በቅርቡ ለክሊኒኮች መድኃኒት የማድረስ ሥራ አግኝታ አንዲት አሮጌ ቀላል ሞተር ገዛች፣ ፍሬኗንም ራሷ ሠራች። ጠቡ የተነሳው ያኔ ነው። የፊት ጎማዋን የሚያቆመው አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ቆንጥጦ የሚይዘው ያ ክብ ብረት። አባቷ ከከባድ ሞተር የተፈታ፣ ጎማ የሚሸከም የፊት እግር ከነሁለት ዲስኩ አመጣና «ይሄ ሳይገጠም ከዚህ ግቢ አትወጪም!» አለ።

«አባዬ፣ ከባድ ሞተር በፍጥነት ሲመጣ አንዱ ዲስክ ይግልበታል፤ ሁለት ያስፈልገዋል። የኔዋ ላባ ናት። ዝናብ ላይ ሁለት ሆነው ቢነክሷት ጎማው ተቆልፎ ትጥለኛለች። ይሄንን ለደንበኛ ስንቴ ነግረኸዋል?»

«ደንበኛ ልጄ አይደለም!»

ሳቄን ዋጥኩት። ለሰው ሲሆን ሊቅ ነው፤ ለልጁ ሲሆን ፍርሃት ሙያውን አስረሳው።

ጠመኔውን አንስታ መስመሩን አሰመረች፣ ከጀርባውም ቆመች። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ንዳ!»

ሰው ወደ እሱ ሲነዳ እንጂ እሱ ወደ ሰው ነድቶ አያውቅም። መጀመሪያ እንደ ኤሊ እየተጎተተ መጣ።

«እንደ ደንበኛ!» ብላ ወደ ኋላ መለሰችው።

«ተው!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ የልጄን ፊት ሳይ ዘጋሁት። በሁለተኛው ዙር እየበረረ መጥቶ ፍሬኑን ያዘ። ሞተሯ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቆመች። ጎማው መስመሩን አልነካም፤ ልጄም ንቅንቅ አላለችም።

ተራ የሚጠብቅ አንድ ባለሞተር «ቀጥ፣ ግሩም አርገህ ሠርተሃታል!» አለው።

«ባለሙያዋ ያቻት» አለ ባሌ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «እኔ ዛሬ ደንበኛ ነኝ።»

ልጄ በነጠላ ዲስኳ ወደ ሥራዋ ሄደች። አመሻሹ ላይ ደጁን ስጠርግ «መስመሩን እንዳታጠፊው» አለኝ ባሌ። እኔስ መቼ ልቤ እሺ ይለኝ ነበር? ዙሪያውን ብቻ ጠረግኩ።