ኢንሱሊኑን አውጥተው ለስላሳ ከተቱበት

ዛሬ ቦንጋ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የመድኃኒት ፍሪጁ ተከፍቶ አየሁ፤ ከላይ እስከ ታች ለስላሳ መጠጥ ነው። ኢንሱሊኑ መስኮት ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይመታዋል።

ስኳር ያለባትን እህቴን ይዤ ኢንሱሊን ልትወስድ ከሺሺንዳ መምጣቴ ነበር።

«ምን ጉድ ነው?» አልኩት የመድኃኒት ክፍሉን ባለሙያ።

«ለግምገማ እንግዶች መጥተው ነው፤ ቀዝቃዛ ይፈልጋሉ።»

(ግምገማው ስለ ጤና አገልግሎት ጥራት ነው አሉ!)

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የእህቴ ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ተመራማሪዎች ለፍተው ከከብት ቆሽት ያወጡት መድኃኒት ለጠርሙስ ቦታ ይልቀቅ?

እህቴ አልተከራከረችም። ለስላሳውን እያወጣች ወለሉ ላይ ደረደረችው። «ለሚመጣው መድኃኒት ቦታ ይኑረው» አለች። ፀሐይ የመታውን ኢንሱሊን ግን ሙቀት ስለሚያበላሸው አልወሰደችም።

ቤት የቀራት ኢንሱሊን ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ በጠዋት ሌላ ፍለጋ ጅማ እንሄዳለን።

እናንተስ ዘንድ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሟችኋል?