ለእንቅልፌ የተጣለ ግዝት

በደርግ ጊዜ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲገባ እኛ ነርሶች ከባሕር ዳር በጀልባ እየተሻገርን ዘጌን እንከትብ ነበር። አንድ ቀን ብቻዬን ተሻግሬ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ሰንብቶ ስለነበር፣ መርፌው እስኪቀቀል ዛፍ ሥር አረፍ ብል ጭልጥ አልሁ።

ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሰው በእኔ ጦስ ሳይከተብ ተበተነ ብዬ ክው አልሁ። ሰልፉ ግን እንዳለ ነው፤ ትንፍሽ የሚል የለም።

«ምነው ሳትቀሰቅሱኝ?»

«የቀሰቀሳት የተወገዘ ይሁን ብዬ ነዋ!» አሉ አንድ ቄስ። «ልጄ፣ አንቺ ከወደቅሽ እኛን ማን ያነሣናል?»

ነርስነቴ እንደዚያን ቀን አኩርቶኝ አያውቅም። ልከትባቸው ብድግ ስል፣ በየስብሰባው «እግዚአብሔር የለም» የሚለን ካድሬ ራስጌዬ ቆሞ በባርኔጣው ዝንብ ይከላከልልኛል። ወደ ቄሱ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ ጠየቃቸው፦

«አባ፣ አሁን መናገር ይቻላል?»