እንግዳ አይቀጣም

ዘንድሮ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ እንደገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ከልጄ ብዙም አይበልጡም። "ጋሼ" እያሉ የፊት ወንበር ይለቁልኛል፤ እኔም መምህራኑን ላለማሳፈር የተሰጠኝን ንባብ ሁሉ ደጋግሜ አነባለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ መምህራችን የቀድሞውን የማስተርስ ጥናቴን ለክፍሉ ምሳሌ ይሆናል ብለው አዞሩት። ጥናቱ ስለ ቅሬ ነው። በእኛ በራያ ቆላ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመምም በቃሬዛ ተሸክሞ ለሐኪም የሚያደርሰው የመንደር ማኅበር ቅሬ ይባላል። ትምህርቴ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ስለነበር ከዚህ የተሻለ ርእስ አልታየኝም ነበር። ከክፍል ስንወጣ አንዲት ጎበዝ ልጅ ጥናቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ተጠጋችኝና፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ የዚህ ቅሬ አባል ነዎት?" አለችኝ።

ሐሳቤ ጥናቱን ወደ ጻፍኩበት ነሐሴ ሄደ።

ያኔ ቆቦ ከተማ ቢሮ እየሠራሁ ነበር የምማረው። ጥናቱን የማስረክብበት ቀን ሲቃረብ ፈቃድ ጠይቄ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። መንደራችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ በበጋ ከብት የሚተኛበት ደረቅ አሸዋ ነው። በክረምት ግን እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለች፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ድንገት ደርሶ ግንድ እያንከባለለ ያልፋል። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ስለነበር ከቤታችን ደጃፍ አስፋልቱ አይታይም፤ የመኪናው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ቤተሰቡ እንደ ሙሽራ ያዘኝ። እናቴ ከዋጃ ገበያ ያመጣችውን በለስ ልጣ፣ ጣቴ ጨቅይቶ ኮምፒውተሩን እንዳይነካ እያለች በእጇ ታጎርሰኛለች። አባቴ ደግሞ ዶሮዎቹ እንዳይረብሹኝ ከደጅ ያባርራል። ጎረቤት ሲመጣ "ቀስ በሉ፣ ሲሳይ እየጻፈ ነው" ይባላል። ደስ ይለኝ ነበር። እንግዳ የሚሆነው ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ምቾቱን ነው፤ ሌላው የሚገባው ቆይቶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከጉብታው ላይ ጥሪ ተሰማ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዘሀራ ምጥ ጠንቶባታል፤ ለቃሬዛ ውጣ!" ዘሀራ ጎረቤታችን ናት፤ በልጅነታችን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። አምቡላንሱ መጥቶ ጎርፉ ስላገደው ማዶ ቆሞ እንደሚጠብቅ በኋላ ሰማሁ። እኔ ያን ጊዜ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ። እየጻፍኩት የነበረው ዓረፍተ ነገር፣ ጥሪ ሲሰማ እያንዳንዱ አባል የያዘውን ሥራ ትቶ እንደሚወጣ የሚናገር ነበር። ይህን ለማሳመር የፈጠርኩት ቢሆን ደስ ባለኝ።

አባቴ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሥራ የያዝኩ ዕለት በራሴ ስም ቅሬው ውስጥ ገብቻለሁ፤ አባቴ ደግሞ ጉልበቱን ስለሚያመው ከሸክም ነፃ ተደርጓል። ስለዚህ ከቤታችን መውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

"አባ፣ ነገ ማስረከብ አለብኝ" አልኩት። "መቼም ሰው አይጠፋም።"

"እሺ ልጄ፣ አንተ ጻፍ" አለና ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ ወጣ።

ሲመሽ እስከ ደረቱ ርሶ፣ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። ውሃው ትንሽ ሲጎድልላቸው ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ነው ያሻገሯት። ዘሀራ ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ ወለደች። ይህን ሁሉ ለእናቴ የነገራት በሹክሹክታ ነበር፤ እኔን እንዳይረብሽ ብሎ። ጉልበቱን ስታሽለት ሲያቃስት እየሰማሁ መደምደሚያዬን ጨረስኩ። በማግስቱ ቆቦ ሄጄ አሳትሜ አስረከብኩ። በዚያን ቀን ከደስታ በቀር የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

እሑድ ቅሬው ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ አያ እንድሪስ ከጥሪው የቀሩትን አንድ በአንድ እያስነሱ ይጠይቃሉ። አሊ የሚባል ጎልማሳ ሆዴን አሞኝ ነበር ቢል፣ በዚያው ቀን ጎብዬ ሥጋ ሲበላ ያየው ሰው ተነሥቶ መሰከረበት፤ ሳቁ አላባራ አለ። አሊ ተቀጣ። ሌላም ሰው ተቀጣ። እኔ መቀጫዬን በእጄ ጨብጬ፣ የምለውን ይቅርታ በልቤ እያጠናሁ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከዚህ በፊትም ከአንድ ቀብር ቀርቼ፣ እየተነጫነጭኩ ከፍያለሁና ወጉን አውቀዋለሁ። አያ እንድሪስ ግን እኔን አልፈው ወደ ሌላ ጉዳይ ገቡ።

ተነሣሁ። "አያ፣ እኔም እኮ ቀርቻለሁ።"

"አንተማ ትምህርት ላይ ነህ" አሉኝ በደግነት። "እንግዳችን ነህ ልጄ። እንግዳ አይቀጣም። አላህ ያሳካልህ።"

"አሚን" አለ ሰዉ ሁሉ። አሊ፣ "ምነው እኔንም ባስተማራችሁኝ!" አለና እንደገና ተሳቀ። አባቴ አልሳቀም። በበትሩ ጫፍ አፈሩን ይቆረቁር ነበር። እኔም ብሩን እንደጨበጥኩ ተቀመጥኩ።

በጥናቴ ውስጥ፣ ቅጣት ሰውን በጫና የሚያስወጣ ነገር ነው፣ ቢቀር ይሻላል ብዬ ጽፌ ነበር። ያን ቀን ከቁርቁራው ሥር ስነሣ ስሕተት መሆኑን አውቄዋለሁ። የሚቀጣው የሚጠበቅ ሰው ነው። ለአሊ ቦታው ነበረው፤ የሳቁበትም የቀጡትም ለዚያ ነው። የእኔን ግን ሌላ ሰው ሞልቶት፣ ሳይቆጡኝ፣ እየመረቁኝ አሰናበቱኝ።

ጥናቴን በገምጋሚዎች ፊት ባቀረብኩ ጊዜ የማረም ዕድል ነበረኝ። አንዱ ገምጋሚ ስለ ቅጣት የጻፍኩትን ለይተው፣ "ይህ ከውስጥ ሰው ብቻ የሚገኝ ምልከታ ነው" ብለው አሞገሱኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ማደፍረስ አልሆንልህ አለኝና፣ "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። የተጠረዘውን ቅጂ ለአባቴ ወሰድኩለት። ማንበብ አይችልም፤ ገጾቹን እያገላበጠ፣ "ይሄ ሁሉ ስለ እኛ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ከሣጥኑ ላይ አስቀመጠውና ጉልበቱን ይዞ ወደ ማሽላው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ለቀብርም ለሕመምም ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር ባስገባሁ ቁጥር አንድ ወጣት ቀስ ብሎ ይቀበለኛል። "ይተዉት ጋሼ፣ ከመንገድ ነው የመጡት፤ አረፍ ይበሉ።" አክብሮቱ ከልብ ስለሆነ እምቢ ማለትም አይቻልም። ከለቀስተኛው ጋር ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ውሃ ያቀርቡልኛል።

ልጅቷ መልሴን እየጠበቀች ነበር።

"እንግዳቸው ነኝ" አልኳት።

ፊቷ በራ። "ውይ፣ እንዴት ያለ ክብር ነው!" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ክብር አይደለም ልላት ነበር። ግን ደስ ብሏት ነበር፤ መምህሩም ከበሩ ላይ ሆነው ፈገግ እያሉ ያዩናል። በገምጋሚዎቹ ፊት እንዳደረግኩት፣ አመሰገንኳት።