በመስኮቱ ሥር የነበረችው በርጩማ

ሰንበሌጥ ወደ አክስቷ ቤት ስትመጣ የወተት ጥርሶቿ ገና ወልቀው አላለቁም ነበር። እናቷ ከተቀበረች ሳምንት አልሞላትም። አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ሲሆኑ በመንገዱ ማዕዘን ላይ ዳቦ ቤት ነበራቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ በክፋት አይታሙም። ርቦት ደጃቸው የቆመ ሰው ባዶ እጁን አልተመለሰም። ችግራቸው ሌላ ነው፤ አንድ ጊዜ ካሉ አሉ ነው።

የልጅቷ እጅና እግር ቀጥኖ፣ ሆዷ ግን ከበሮ አክሎ ነበር። ዳቦ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ከእትዬ ትከሻ በላይ አሻግረው ያዩዋትና ይንሾካሾካሉ። ዳቦ እየሸጠች የእህቷን ልጅ በረሃብ ትፈጃለች የሚለው ሐሜት እትዬ ጆሮ ሲደርስ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይተወው ነበር፤ እሳቸው ግን አናጢ ጠርተው በርጩማ አሠሩ። በርጩማዋን መንገድ በሚያየው መስኮት ሥር አኖሩና ልጅቷን አስቀምጠው ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ አስታቀፏት።

«ብዪ» አሏት። «ሰው እያየሽ ብዪ።»

ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሆነ። ሰንበሌጥ አላፊ አግዳሚው እያያት ዳቦዋን ትጨርሳለች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ወደ ጓሮ ሽንት ቤት ትሮጣለች። በበላች ቁጥር መነመነች፣ በመነመነች ቁጥር እትዬ ዳቦውን አተለቁት። የቅጽል ስሟን ያወጣላት ጋጋሪው ነው፤ ነፋስ ሲነካት ትተኛለች ብሎ ሰንበሌጥ አላት፣ ተጣብቆባት ቀረ። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ። አንድ ጠዋት እዚያችው በርጩማ ላይ እንዳለች ዓይኗ ጨልሞ ወደቀች፤ ግንባሯን ባንኮኒው ፈነከታት። ክሊኒክ ወስደዋት የኮሶ መድኃኒት ሰጥተው መለሷት። በማግስቱ ግንባሯ በፋሻ እንደታሰረ በርጩማዋ ላይ ነበረች።

አንድ ክረምት የምድጃው ጣሪያ ተናደ። ጡቡ እስኪቀየር ዳቦ ቤቱ ለወራት ተዘጋ። በቤቱ ድንችና ሩዝ፣ እንቁላልና ባቄላ ይበላ ጀመር። ሰንበሌጥ በዚያ ክረምት ሰው ሆነች። ሆዷ ሟሸሸ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ዘለለች። ምድጃው ተጠግኖ ዳቦ መውጣት ሲጀምር በርጩማዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ሆዷን ይዛ መሮጥ ጀመረች።

እትዬ ይህን አስተውለዋል። ክሊኒኩ ያላየውን እሳቸው አይተዋል፤ የፈረዱት ግን በራሳቸው መንገድ ነው። ልጅቷ ዱቄት እየነፋች በምትሰማበት ለጋጋሪው እንዲህ አሉት፦ «ሥራ ሲቆም ትድናለች፣ ሥራ ሲጀመር ትታመማለች። ይሄ በሽታ አይደለም፤ ስንፍና ነው።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት አመመኝ ማለት ቀረ። ብትልም የሚሰማት የለም። ታመመች ሲባል ሁሉም ፈገግ ይላል። ለምን እንደተረፈች እሷም አታውቅም፤ እልኸኛ ስለሆነች ይመስላታል።

አድጋ ከዚያ ቤት ወጣች። ስፌት ተማረች፣ የከባድ መኪና ሾፌር አገባች፣ በሁለት ክፍል ቤታቸው የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ተከለች። እጇ ወርቅ ነው ይሏታል። ሰውነቷ ግን አልሰማ አላት። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ ለደም ማነስ የሚሰጧት ክኒን ጠብ አይልላትም። ያረገዘችው ሁሉ ሳይጠና ይወርድባታል። ሦስተኛው በወረደ ሰሞን የዘመድ ድግስ ነበርና ሄደች። ገበታው ላይ አንዷ ዘመድ ከንፈሯን መጥጣ ስታዝንላት፣ እትዬ ከወዲያ ማዶ ሆነው «ምን ይደረግ፣ ማህፀኗም እንደ ባለቤቱ ሥራ አይወድም» አሉ።

ሰው ሳቀ። ሰንበሌጥም አብራ ሳቀች። ነገር ግን ያን ዕለት በልቧ አክስቷን «እርስዎ» ማለት አቆመች። ከአፏ ያወጣችውን፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው አፏ አስውጣታለሁ ብላ ማለች። ከዚያ በኋላ የኖረችው ለዚያ ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀኑ የመጣው አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። የደም ማነሷን የምትከታተል አዲስ ሐኪም በልጅነትሽ እንዴት ነበርሽ ብላ ጠየቀቻት። ሰንበሌጥ ስለ ምድጃው መናድና ስለዚያ ክረምት ስትነግራት ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር እንዳለ፣ አንዳንድ ሰው እሱን ሲበላ ሰውነቱ ተነሥቶ የገዛ አንጀቱን እንደሚያቆስል፣ በሽታው ሴሊያክ እንደሚባል አስረዳቻት። የደም ምርመራ አዘዘችላት፤ ወረፋው ግን ረጅም ነበር። በሩ ድረስ ሸኝታት «እስክትመረመሪ ድረስ ዳቦ እንዳታቆሚ፣ አደራ» አለቻት።

ሰንበሌጥ አልሰማቻትም። ስንዴ የሚለውን ቃል ከሰማች በኋላ የተባለው ሁሉ ሌላ ሰው ላይ የወረደ ይመስል አልፏታል። ቤቷ ገብታ ያለውን ዳቦ ለጎረቤት ሰጠች፣ የዱቄት ጣሳዋን ደፋች። ወረፋዋ እስኪደርስ ወራት አለፉ፤ በእነዚያ ወራት እንደዚያ ክረምት ሆነች። ፊቷ ፈካ፤ ደረጃውን ሳታርፍ መውጣት ጀመረች። ደሟን የሰጠችው እየዘፈነች ነው።

ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ምንም የለም።

ባሏ የዋህ ነው። ለመንገዱ ስንቅ ዳቦ ሊገዛ እትዬ ዘንድ ጎራ ባለበት፣ እግዜር ይመስገን ጤነኛ ናት ተባለች ብሎ አወራ። እትዬ ያችን ወሬ ከዳቦው ጋር ለደንበኛው ሁሉ አደሉት። የእህቴ ልጅ በማሽን ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም፤ እኔ ያለ ማሽን ያወቅኩትን አሉ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሰንበሌጥ ስፌት ቤት ገባ፤ ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት እየሳቀች ነገረቻት። ሰንበሌጥ የሴትዮዋን ወገብ ደግማ ለካች።

ሐኪሟ ዘንድ ስትመለስ የተጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳቦ ትበዪ ነበር ወይ። አልበላም ነበር። እንግዲያው ምርመራው ምን ያግኝ? ሰውነቷ የሚዋጋው ነገር ሲጠፋበት መሣሪያውን አስቀምጧል። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። ሁለት መንገድ አለሽ አለቻት፤ እንደ ጀመርሽው ስንዴን ትተሽ በጤናሽ ኑሪ፣ ወይም በርግጥ እንዲታወቅ ከፈለግሽ ለሳምንታት በየቀኑ ዳቦ በልተሽ እንደገና ተመርመሪ። ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ካልቻልሽ ቶሎ ነይ አለቻት።

ባሏ ለመናት። ድነሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አላት።

«እኔ ድኛለሁ» አለችው። «ስሜ ግን ገና አልዳነም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰልፉ በሚበዛበት ሰዓት፣ ወደ እትዬ ዳቦ ቤት ገባች። በርጩማዋ ከመስኮቱ ሥር አልተነሣችም፤ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦባት ነበር። ሰንበሌጥ ማሰሮውን አንሥታ መሬት ላይ አኖረችና በርጩማዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አንድ ዳቦ ይስጡኝ። እዚሁ ነው የምበላው።»

እትዬ ፊታቸው በራ። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ጸጉራቸው ነጥቷል፣ ምላሳቸው ግን ያው ነው። «አየሽ፣ መጨረሻሽ ዳቦ ሆነ» አሉ፣ ሰልፈኛው እንዲሰማ።

«አዎ እትዬ» አለች፣ ጎረሰችም።

በየቀኑ መጣች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ መንገደኛው እያያት፣ ፍርፋሪ ሳታስቀር ትበላለች። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኞቹ እንዴት አደርሽ ይሏታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የፊቷ ቀለም ጠፋ። ከዚያ ሆዷ ተነፋ፤ ቀሚሷን ራሷ አሰፋችው። ከዚያ ዳቦውን ጨርሳ ስትነሣ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ሰልፉ ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት አላስችል ብሏቸው ልጄ ምን ሆንሽ አሏት።

«ምንም አልሆንኩም እማማ» አለች ሰንበሌጥ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እትዬ እንደሚሉት ስንፍናዬ ተነሥቶብኝ ነው።»

እትዬ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ልጅ ሳለች ለሰው ዓይን ያስቀመጧት፣ አሁን ራሷን ለሰው ዓይን አስቀምጣለች። እንዳያባርሯት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ዳቦ እንዳይከለክሏት ዳቦ ሻጭ ናቸው። ሰው ዳቦውን ከእትዬ እጅ ሲቀበል ሰንበሌጥን ያይና ዳቦውን ገልበጥ አድርጎ ያያል። አንዳንዱ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን እትዬ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ሥር «ግቢና ጓዳ ብዪ» አሏት።

«አይ እትዬ፣ እዚህ ብርሃን አለ። ያስለመዱኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ቤቷ ስትገባ ግን እንዲህ አልነበረችም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት ታለቅሳለች። ከሽንት ቤት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ሆነ ኑሮዋ። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ አይቷት፣ ሰው ለበቀል ብሎ መርዝ ለጠላቱ ያበላል እንጂ ራሱ ይበላል እንዴ አላት። ቢያስቃትም አላቆመችም። አንድ ቀን የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ሲያገኛት ግን ሐኪሟ ያለችውን አስታውሶ፣ ቀኑ ሳይሞላ ተሸክሞ ወሰዳት።

በዚህኛው ምርመራ ደሟ ጮኸ። ሐኪሟ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብታ አንጀቷን አየች፣ ቅንጣት ቆርሳም ለምርመራ ላከች። የጤነኛ ሰው አንጀት ውስጡ እንደ ፎጣ ጸጉር ጸጉር ያለው ነው፣ ምግብ የሚመጠው በዚያ ነው፣ ያንቺ ግን ተላጭቷል አለቻት። ለልብስ ሰፊ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰንበሌጥ ጉልበቱ ላይ የተላጠ ከፋይ ሱሪ ታያት፤ ውስጧ እንደዚያ ነው ማለት ነው። የወረዱብኝ ልጆችስ አለች። ሐኪሟ በርግጥ መናገር ባይቻልም ሊሆን ይችላል፣ ሳይታከም ሲቆይ ጽንስ ያስወርዳል አለቻት። ስለ እናቷም ጠየቀች። ሆዷ አብጦ፣ ሥጋዋ አልቆ ነበር የሞተችው። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፤ በሽታው በዘር ይሄዳል፣ ስለ ሞተ ሰው ግን አሁን ማወቂያ የለም፣ ሌላ መቶ ነገር ሊሆን ይችላል አለች።

ሰንበሌጥ ለመጨረሻ ጊዜ ዳቦ ቤቱ የገባችው ሰልፉ በር ድረስ በወጣበት ጠዋት ነው። በድግሱ ላይ የሳቁ ሁለት ዘመዶችም ነበሩ፤ ራሷ ናት ኑ ያለቻቸው። አልተቀመጠችም። ባንኮኒው ፊት ቆማ፣ ሳትጮህ፣ ስንዴ ነው አለች። ሐኪም ቤቱ በደሜም በአንጀቴም አይቶ ያረጋገጠው ነው። ሰነፍ አልነበርኩም። ማህፀኔም ሰነፍ አልነበረም። እዚህ በርጩማ ላይ በየጠዋቱ ያበሉኝ በሽታዬን ነው። ይህን ብላ እትዬን እያየች ጠበቀች።

እትዬ ባንኮኒውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። የተጠረገውን ደግመው ጠረጉት። በመጨረሻ ወደ ጋጋሪው ዞረው «አልዋሸችም» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም እትዬ።»

እትዬ ቀና አሉ። «አልዋሸችም» አሉ ጮክ ብለው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ያህል ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነበር። ሰዎቹ ዳቦአቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ወጡ። ባዶ ሲሆን እትዬ ባንኮኒውን ዞረው መጡና እጅጌዋን ያዙ።

«እህቴስ?» አሏት። «እህቴንም እኔ ነኝ?»

እናቷ በመጨረሻዋ ሰሞን ምግብ ሲዘጋት፣ እትዬ ዳቦ በወተት እያራሱ በእጃቸው ያጎርሷት ነበር። እስከ ዕለተ ሞቷ። የሐኪሟ መልስ ሰንበሌጥ ምላስ ላይ ነበር፤ ማወቂያ የለም፣ ሌላ መቶ ነገር ሊሆን ይችላል። እጅጌዋን ከእትዬ ጣቶች ቀስ ብላ አስለቀቀች፣ በርጩማዋን አንሥታ ብብቷ ሥር ያዘች፣ መልሷን ይዛው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ ተለወጠ። ዱቄት የነካ የእንጨት ማማሰያ ሁሉ ወጥቶ ተጣለ። ለባሏ የራሱ ቢላና መክተፊያ ተለየለት፤ ፍርፋሪ ካንጠባጠበ ወዮለት። መጀመሪያ የጋገረችው የሩዝ ዳቦ የጫማ ሶል ሆነ፤ ባሏ ጎማ ሲፈነዳብኝ እወስደዋለሁ አለ። አንድ ምግብ ቤት የተሰጣት ሾርባ ለካ በስንዴ ዱቄት የወፈረ ነበርና ሁለት ቀን ጣላት፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሄዳ አብሳዩን ከጓዳ አስጠርታ በደንበኞቹ ፊት አስረዳችው። የሩዝና የድንች ዱቄት እያመጣጠነች አሁን ዳቦዋ ይነሣላታል። ሥጋ አወጣች። ልጅ ግን አልመጣም፤ ጊዜው አልፎ ነበር።

እትዬ ያንኑ ጥያቄ አስይዘው ጋጋሪውን ሁለት ጊዜ ልከውባታል። ሁለቱንም ጊዜ ሐኪሜን ይጠይቁ ብላ መለሰችው። እትዬ ሄደው አልጠየቁም። ዳቦ ይሸጣሉ እንጂ አይቀምሱም ይላል ጋጋሪው፤ ትኩስ ዳቦ ሲወጣ ፊታቸውን ያዞራሉ። በርጩማዋ የሰንበሌጥ ስፌት መኪና ጎን ናት፤ ብጥስጣሽ ጨርቅ ታስቀምጥባታለች።

ጎረቤቶቿ እትዬ አርጅተዋል፣ ይቅር በያቸው፣ አንድ ቃል ብትነግሪያቸው ምን አለበት እያሉ ይመክሯታል። ሰንበሌጥ መኪናውን ሳታቆም ትሰማቸዋለች። አንድ ቀን ብቻ እግሯን ከመርገጫው አነሣች።

«እሷ የምትጠብቀው ጥቂት ወር ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ጠብቄያለሁ። ምናልባት እነግራት ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም። ከሁሉ የሚበልጥብኝን ከጠየቃችሁኝ መዳኔ አይደለም፤ ለጤናዬማ ስንዴውን መተው ይበቃኝ ነበር። በሽታዬ ስም ማግኘቱ ነው። ከዚያ በፊት ስሙ እኔ ነበርኩ።»