ጠበል የጠጣው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኦክላንድና አላሜዳ ከተሞች መሃል ባለው ውሃ ላይ... ጠበል ጠጥቶ የሞተ ሞተር አየሁ።

አጎቴ ጋሽ ታደሰ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አለው። ዓሣ ይዞባት አያውቅም፤ እሷ ግን ቤንዚን ስትጠጣ ጠላ ቤት የከረመች ነው የምትመስለው። ሚስቱ አክስቴ መረራትና «ቅዳሜም እንዲሁ ከጠጣች ትሸጣለች!» ብላ ቁርጡን ነገረችው።

መድኃኒቱን ያዘዙት ጎረቤታችን አባባ ኢድሪስ ናቸው፤ የምፅዋ ባሕረኛ የነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ከዚያው ወጥቶ ባሕር ላይ ቀርቷል። እሱን በፊታቸው የሚያነሳ የለም።

«ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፣ ከሥር ውሃ የሚቀዝፈው ፕሮፔለር ነው» አሉ። «ይሄ እንደ ድንክ ብዙ ይራመዳል፣ ትንሽ ይሄዳል። በአንድ ዙር ሩቅ የሚገፋ ነው የሚያስፈልገን።»

አላሜዳ፣ ያገለገለ የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ሄድን። አባባ ኢድሪስ ፕሮፔለሮቹን እንደ ሐብሐብ ገዢ በጣታቸው እያንኳኩ ዞሩ። ድፍን ድምፅ የሰጠውን «ተሰንጥቋል» እያሉ አለፉት። አንዱ ግን... እንደ ደወል አቃጨለ። ድምፁም ቶሎ አልጠፋም።

ሻጩ በእንግሊዝኛ ያለውን ለጋሼ ተረጎምኩለት። «ይሄ የተፈታባት ጀልባ ባለቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ጀልባዋ ብቻዋን ነው የመጣችው።»

ጋሼ አማተበ። «የሞተ ሰው ዕቃ!»

«የለበስከው ኮትስ የማን ይመስልሃል?» አልኩት። ከእርዳታ የተሰጠው ነው። ኮቱን ዳበስ አድርጎ ገዛው።

ገጥመነው ቅዳሜ ስንወጣ ተአምር ነበር። ሞተሩ ሳይጮህ ጀልባዋ ተንሸራተተች፤ የቤንዚኑ ጌጅ መርፌ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ለአክስቴ የሚያደርገውን ንግግር ይለማመድ ጀመር። ከዚያ... ከሥራችን ቀጭን ድምፅ መጣ። ሰው ለራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ካሴቴ መስሎኝ የጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅኩ። አልቆመም።

ጋሼ ሲፈጥን ድምፁ ይጠፋል። ቤንዚን ወደሚቆጥበው ፍጥነት ሲመለስ፣ እሱም ይመለሳል።

«አንዳንድ ፕሮፔለር ይዘፍናል» አሉ አባባ ኢድሪስ። ፊታቸው ግን ሌላ ነበር የሚናገረው።

ጋሼ ከኪሱ የጠበል ጠርሙስ አወጣ። ሊረጭ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ጠበል የሚሠራው ሲጠጣ ነው!» ብሎ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ አንቆረቆረው።

«ጋሼ፣ ኖ! ውሃ እኮ ነው!»

«አፍሽን ያዢ! የተባረከ ነው!»

ሞተሩ ሳለ... ሳለና ቀጥ አለ።

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ድምፁ ግን አልቆመም። ሞተሩ ሞቷል፣ ጀልባዋ ቆማለች... ከሥራችን ያው እንጉርጉሮ።

ጋሼ ዳዊት መድገም ጀመረ። አባባ ኢድሪስ ተንበርክከው ጆሯቸውን ወለሉ ላይ ለጠፉ። «ዝም በል፣ ታደሰ» አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው... «ወንድሜም መረብ ሲጎትት እንዲህ ነበር የሚያንጎራጉረው።»

አንድ ዓሣ አጥማጅ ደርሶ በገመድ ሲጎትተን ድምፁ ጠፋ። አባባ ኢድሪስ ወደብ እስክንገባ ወደ ኋላ እያዩ ነበር።

አክስቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። «እህሳ፣ ቆጠበ?»

ጋሼ ባዶውን የጠበል ጠርሙስ ኪሱ ከተተ። አባባ ኢድሪስ ናቸው የመለሱላት፤ «አትሽጭብኝ፣ ልጄ። ቤንዚኗን እኔ እችላለሁ።»

ለነገሩ ምን ቤንዚን አስፈለጋት... ሞተሯ ሞቶም ታንጎራጉርላቸዋለች።